በእንግዶች መዝገብ ጀርባ

ሳልሚያ፤ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፤ የእነሱ ገና ሌሊት፤
እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አሥራ ሦስት ቀን ይቀረኛል ለእኔው ልደት።
የጥበቃዋ ክፍል ጠባብ፣ ማሞቂያዋ አንድ ዓይና፤
ሮዴል ስልኩን በውሃ ጠርሙስ አስደግፎ፣ «ና፣
እስክሪብቶ አምጣ፤ አምስት ጨዋታ አለ እስኪነጋ፤
የቱ እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ የቱ እንደሚያዛጋ
ሳይጀመር እንመድበው» አለኝ።

እሱ ባደገበት ደሴት ቅርጫት ያልተቸነከረበት ግንድ የለም አሉ፤
እኔ ከእሱ ነው የተማርኩት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
ለምን እንደሚያፏጩ፣ ለምን እንደሚዘሉ።
መዝገቡን ገለበጥነው።
ፊቱ፦ ስም፣ የታርጋ ቁጥር፣ የገቡበት ሰዓት፤
ጀርባው፦ የእኛ ትንቢት።

«አንደኛ» አለ «የሁለት ሰዓቱ፤ ኮከብ በኮከብ ነው።»
«ኮከብ ሲበዛ» አልኩት «የትኛውን ልታየው ነው?»

በሁለተኛው ሩብ ሞተ።
ሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት። አሰልጣኙ ክራቫቱን ፈትቶ ተጋደመ፤
ተመልካቹ ኮቱን ደርቦ በር በሩን እያየ ቆመ።
ሮዴል አንደኛን ሰርዞ «አራተኛ» ብሎ ሰጠ፤
ወዳጅ የቀበረ ይመስል ዝም ብሎ ተቀመጠ።

የአራት ተኩሉማ ቅጣት ምት በቅጣት ምት፣
ፊሽካውን እንደ ጡጦ ካፉ የማይነቅል ዳኛ፤
አምስተኛ።
በዚያው መሃል ከሰባተኛ ፎቅ የሊባኖሷ ሴት ዶሮ ላከች በሳህን።
ሮዴል የእኔንም ድርሻ በላው።
«ጾምህን ልጠብቅልህ ብዬ ነው» አለ፣ ጣቱን እየላሰ፤
«ጥበቃ አይደል ሥራችን?»

የሰባት ሰዓቱን ግማሹን አላየሁም።
ምድር ቤት ወርጄ መኪና ስቆጥር፣ ኔትወርክ በሌለበት፣
ነጭ ለባሾቹ በአሥራ ሁለት ሲመሩ ትቻቸው ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ እኩል ናቸው።
መሃሉን ሮዴል ተረከልኝ፤
በትከሻው፣ በክርኑ፣ ወንበሩን ተከላካይ አድርጎ እየዞረ፣
ቆሻሻ መጣያዋ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ እየወረወረ።
ሁለተኛ ሰጠሁ፤
ለጨዋታው አይደለም፣ ለሮዴል።

አሥር ሰዓት ላይ ዘምዘም መጣች፣ ባልዲዋን እየጎተተች።
ስምንት ዓመት የሰው እብነ በረድ ስትወለውል የኖረች፣
ስልኩን አጎንብሳ አይታ፣
«የቱ ነው የእኛ?» አለች።
ብርቱካናማ የለበሱትን አሳየኋት።
«እየተሸነፉ ነው እንዴ?»
«በአሥራ አራት።»
«እንግዲያው የእኛ ናቸው» ብላ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?
አንድ አጭር ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ያደረ፣
ገባና ከጥግ ሦስት፣ ከጥግ ሦስት፣ እንደገና ሦስት ጨመረ።
ዘምዘም የማታውቀውን ልጅ «አንተ የኔ አንበሳ» ትላለች፤
ወለሉ ሳይጠረግ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ፈረቃችን አለቀች።

አውቶቡሱ አይጠብቅም። ወደ ማህቡላ እየሄድን፣
ባትሪው ሦስት ከመቶ፤
ኔፓሎቹ ከኋላ ተነሥተው አንገታቸውን አስገቡ፤
ክሪኬት እንጂ ሌላ የማያውቀው ሹፌር ሻጂ
መንገዱ ነጻ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱን ቀነሰ።
አንድ ነጥብ ነበር የሚቀረን። አራት ሰከንድ።
አጭሩ ልጅ ከጥግ ዘለለ፣ ለቀቃት፣
ኳሷ ወጣች፣

ስክሪኑ ጠቆረ።
የሃያ ሰው ፊት ታየበት፣ አፉን እንደከፈተ።

የአሥራ ሁለት ተኩሉን ብርድ ልብስ አሸነፈው፤
ሦስተኛ፣ ተወዳዳሪ ስላጣ።
ሮዴል ስልኩን ሰክቶ ውጤቱን አየ።
«እንዳትነግረኝ» አልኩት፤ «ፊትህንም አዙር።»
ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤
ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም።

ማታ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
አንደኛ፣ የአሥር ሰዓቱ። ከውጤቱ ፊት ነጠብጣብ ብቻ።
ሊነጋጋ ሲል ዘምዘም ባልዲዋን ይዛ፣ ከበሩ ሳትደርስ፣
«አሸነፍን?»
«ገና» አልኳት። «ገና አልወረደችም።»